ከክፍል የጠፋውን ተማሪ ማን ይጠይቃል?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ለቤተሰብ ከቀረበ ንግግር)



 

ልጃችን ኮሌጅ ገባ ስንል ብዙዎቻችን ጉዳዩ ያለቀ ይመስለናል። ፎርሙ ተሞልቷል፣ ፎቶው ተለጥፏል፣ ስንቁ ተቋጥሯል፣ ዱዓም ተደርጓል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የልጁ ጉብዝና ነው እንላለን። ነገር ግን ትምህርታቸውን አቋርጠው የተመለሱ ልጆችን ጠጋ ብላችሁ ብትጠይቋቸው ሁሉም «ትምህርቱ ከበደኝ» አይሏችሁም። «ሰው አጣሁ» የሚሉም አሉ። የዛሬው ንግግራችን ስለ እነዚህ ነው።

ጨንቻን እንውሰድ። ጨንቻ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች የብርድና የጉም አገር ናት። አርባ ምንጭ ከመግነኗ በፊት የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። አፕሏን፣ ቡሉኮዋን፣ የዶርዜን ሸማ የማያውቅ የለም። ከዚህች ከተማና ከዙሪያዋ ቀበሌዎች 12ኛን የጨረሱ ልጆች ጠመዝማዛውን መንገድ ቁልቁል ወርደው ወደ አርባ ምንጭ ይሄዳሉ። ዩኒቨርሲቲው፣ የመምህራን ትምህርት ኮሌጁ፣ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጁ ሁሉም ያሉት እዚያ ነው። ርቀቱ የአንድ ጠዋት መንገድ ነው፤ ለልጁ ግን አገር መለወጥ ነው። ከብርድ ወደ ሙቀት፣ ከጋሞኛ ወደ አማርኛና እንግሊዝኛ፣ ከእናት ቆጮ ወደ ራስ ምድጃ ይገባል።

በቴክኒክና ሙያ የሚማሩት ደግሞ አብዛኞቹ ዶርም የላቸውም። ሁለትና ሦስት ሆነው ጠባብ ክፍል ይከራያሉ፤ ከቤት የመጣው ስንቅ ሲያልቅ ቅዳሜ ወደ ደጋ ይመለሳሉ። በዩኒቨርሲቲው በኩል ያሉት ዶርምና ካፌ አላቸው፤ ነገር ግን ምደባው ከትምህርት ሚኒስቴር ስለሚመጣ የወሎው፣ የጅማው፣ የሐረርጌው፣ የስልጤው ልጅ ማንንም በማያውቅበት ከተማ ራሱን ያገኘዋል። ሙስሊሙ በጋሞ ዞን ቁጥሩ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ለሙስሊም ልጅ ብቸኝነቱ ድርብ ይሆናል፤ አንዱ የእንግድነት፣ ሌላው የማነስ።

የትምህርት ሰዎች ይህን ጉዳይ በብዙ ስም ይጠሩታል። እኛ ግን ተቃራኒውን ማንሣት ይቀለናል፤ ባይተዋርነት እንለዋለን። ባይተዋር የሆነ ሰው በሰው መሐል ተቀምጦ ሰው የለውም። ክፍል ውስጥ አርባና ሃምሳ ሆነው ይቀመጣሉ፤ እርሱ አንድ ሳምንት ቢቀር መምህሩ በስም መጥሪያው ላይ «ቀሪ» ብሎ ያልፋል፤ ጎረቤቱም ወንበሩ ሰፋለት። እንግዲህ አንድ ተማሪ የግቢው አባል መሆኑ የሚታወቀው ሲገኝ በሚደረግለት አቀባበል ብቻ አይደለም። ሲጠፋ የሚጠይቀው መኖሩ ይበልጥ ይለየዋል።

ይህን ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሕይወት እንማረዋለን። በመዲና መስጂዱን ትጠርግ የነበረች አንዲት ጥቁር ሴት ነበረች። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት አንድ ቀን ነቢዩ አጧትና ጠየቁ። መሞቷን ነገሯቸው። ሶሓባዎቹ ነገሩን አቅልለው አይተውት ስለነበር አላሳወቋቸውም። እርሳቸው ግን ለምን እንዳልነገሯቸው ጠይቀው መቃብሯን አሳዩኝ አሉ፤ ሄደውም ሰገዱባት። ልብ በሉ! የአንድ መንግሥት መሪ፣ ጦርና ልዑካን የሚጠብቁት ሰው፣ የመስጂድ ጠራጊ መጥፋቷን አስተዋለ። ሀብት አልነበራትም፤ ጎሣም አልተቆጠረላትም፤ ግን ቦታዋ ባዶ ሲሆን ታወቀ።

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። በአሜሪካ የማኅበረሰብ ኮሌጅ የሚባሉ ትምህርት ቤቶች አሉ። ከቀደምቶቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1901 በኢሊኖይ ግዛት በጆሊየት ከተማ የተከፈተው ነው። ሁለት ዓመት ያስተምራሉ፣ ክፍያቸው አነስተኛ ነው፣ ተማሪ ሳይመርጡ ይቀበላሉ። እንደ እኛ ቴክኒክና ሙያ አብዛኞቹ ዶርም የላቸውም፤ ተማሪው ከሥራ ሮጦ ይመጣል፣ እናቲቱ ልጇን ለጎረቤት ሰጥታ ትመጣለች፣ ስደተኛው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ይመጣል። ችግራቸው ግን የሚገባው ብዙ፣ የሚጨርሰው ጥቂት መሆኑ ነበር። የኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 «ኤሳፕ» የተባለ ፕሮግራም ጀመረ። ምን አደረገ? ለተማሪው የባቡርና የአውቶቡስ ካርድ ሰጠው፣ በመጽሐፍ ወጪ ረዳው፣ በተለይ ደግሞ በየጊዜው አግኝቶ የሚያነጋግረው፣ ሲጠፋ የሚፈልገው አማካሪ መደበለት። ተመራማሪዎች ድሀ ተማሪዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ተከታተሏቸው። በሦስት ዓመት ውስጥ ፕሮግራሙን ካገኙት 40 በመቶው ተመረቁ፤ ካላገኙት ግን 22 በመቶው ብቻ። ልዩነቱን ያመጣው የአእምሮ ብልጫ እንዳልሆነ ዕጣው ራሱ ይመሰክራል።

«እነርሱ ገንዘብ አላቸው» የሚል አይጠፋም። ለካርዱና ለመጽሐፉ እውነት ነው። «ሦስት ቀን ቀረህ፣ ምን ሆነህ ነው?» ለማለት ግን በጀት አያስፈልግም።

በአገራችንም ሙከራው አልጠፋም። በ2012 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ተመልሶ ሲመጣ ሁሉም ተማሪ በጋራ ከሚወስዳቸው ኮርሶች መካከል የሥነ ምግባርና የዜግነት ትምህርት፣ እንዲሁም ስለ አካል ጉዳተኞችና ስለ ተገለሉ ወገኖች የሚያስተምረው የአካቶ ትምህርት ተጨመሩ። መልካም ነው። ነገር ግን በዚያው ዓመት፣ በጥቅምት መጨረሻ፣ በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች ተገደሉ፤ ሁከቱ ወደ ሌሎች ግቢዎች ተዛምቶ ብዙ ተማሪ ሻንጣውን እየጎተተ ወደ ወላጆቹ ተመለሰ። መማሪያ መጽሐፉ ስለ መከባበር ያስተምራል፤ ዶርሙ ግን በብሔር ተከፋፍሏል። በኮርስ ብቻ ሰው ወንድም እንደማይሆን ያን ጊዜ ታየ።

በዚሁ ዓመት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከከተማው ሕዝብ ጋር ሆኖ የጀመረው የቃል ኪዳን ቤተሰብ ከዚህ ይሻላል ባይ ነኝ። የጎንደር ቤተሰቦች ከሌላ አካባቢ የመጡ ተማሪዎችን እንደ ልጅ ተቀበሉ፤ በበዓል ይጠሯቸዋል፣ ሲታመሙ ይጠይቋቸዋል፣ ሲያጠፉ ይመክሯቸዋል። ይህን የሰማ ሙስሊም ወዲያው የሚያስታውሰው ነገር አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና በገቡ ጊዜ ከመጀመሪያ ሥራዎቻቸው አንዱ ሙሃጂሩንና አንሷሩን አንድ በአንድ እያጣመሩ ማወንድማማት ነበር። በመስጂዱ ጥግም ቤትና ዘመድ የሌላቸው አሕለ ሱፋዎች ይኖሩ ነበር፤ የሁለት ሰው ምግብ ያለው ከእነርሱ ሦስተኛ ይዞ እንዲሄድ ነቢዩ ያዝዙ ነበር። ከእነዚያ ጥግ ላይ ከተጠለሉ ሰዎች አንዱ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ናቸው። ያን ዕለት የሚቀበላቸው ባይገኝ ኖሮ ዛሬ ከእርሳቸው የምናነበው ሐዲሥ የት ይገኝ ነበር?

ስለ እኩልነት ስናነሣ ትልልቅ ቃላት ይቀናናል። ተማሪው ዘንድ ግን እኩልነት በትናንሽ ነገር ይገለጣል። ዓርብን ተመልከቱ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዓርብ የምሳ ሰዓት ከ5:30 እስከ 7:30 ነው፤ ሙስሊሙ ሠራተኛ ጁሙዓ ሰግዶ ይመለሳል፣ ሌላውም ምሳውን በልቶ ያርፋል፤ ማንም አልተጎዳም። በአንጻሩ አንድ መምህር የማካካሻ ክፍል ወይም ፈተና ዓርብ 6:30 ላይ ቢያደርግ፣ ብዙ ጊዜ ክፋት ኖሮበት ሳይሆን ባለማሰብ ነው፤ ተማሪው ግን ከነጥቡና ከሰላቱ አንዱን ሊመርጥ ነው። የካፌው ጉዳይም እንዲሁ ነው። በብዙ ግቢዎች የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ሥጋ ለየብቻ ይዘጋጃል። ረመዳን ሲገባ ግን እራትን ለኢፍጧር ማቆየት፣ ለሱሑር ቋጥሮ መስጠት በየዓመቱ አዲስ ልመና ይሆናል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ እንደሚመጣ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ለምን በካላንደሩ ላይ ቀድሞ አይያዝም?

በ2000 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር ስለ ተማሪዎች አለባበስ፣ አመጋገብና አምልኮ መመሪያ አውጥቶ ሙስሊሙን ተማሪ ብዙ እንዳሳሰበው የሚያስታውሱ አሉ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአክሱም ሒጃብ የለበሱ ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ተከለከሉ፤ 159 ተማሪዎች የ12ኛ ክፍል ፈተና ፎርም መሙላት እንዳልቻሉ የትግራይ እስልምና ጉዳዮች ከፍተኛ ምክር ቤት አስታወቀ። ከዚያ የሆነውን ልብ ማለት ይገባል። ምክር ቤቱ አቤቱታውን ለፍርድ ቤት አቀረበ፣ ፍርድ ቤቱም ክልከላው ለጊዜው እንዲታገድ አዘዘ፤ በጥር ወር ሕዝቡ በመቀሌ ሰላማዊ ሰልፍ ወጣ። ድንጋይ አልተወረወረም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 የእምነት ነጻነትን ይሰጣል፤ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲካሄድ ያዝዛል። አንዳንድ ኃላፊ ሁለተኛውን ብቻ ያነባል፣ አንዳንድ ተማሪ ደግሞ የመጀመሪያውን ብቻ። ሁለቱንም አንብቦ፣ ጥያቄውን በጽሑፍ አድርጎ፣ ቀኑንና ፊርማውን አስፍሮ፣ ለዲኑ ወይም ለተማሪዎች ዲን አቅርቦ፣ መዝገብ ቤት ቁጥር ማስያዝ የዜግነት ሥራ ነው። በካፌ ጠረጴዛ ዙሪያ ማጉረምረም ግን ለማንም አይደርስም።

የቀደሙ አባቶቻችን ይህንኑ መንገድ ሄደውበታል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወጣው ታላቁ የሙስሊሞች ሰልፍ ዝርዝር ጥያቄ ይዞ ነበር፤ ከጥያቄዎቹም አንዱ በዓላችን በአገር ደረጃ ይከበር የሚል ነው። ዛሬ ዒድ ሲደርስ ኮሌጁ የሚዘጋው ከዚያ ሰልፍ በኋላ ነው። ከዚያ ሰልፈኛ መካከል ክርስቲያን ወንድሞችም ነበሩበት።

ስለ ጋሞ ምድር ተነሥቶ ዱቡሻን አለማንሣት አይቻልም። ዱቡሻ ማለት የጋሞ ሕዝብ በሜዳ ተቀምጦ የሚመክርበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት የአደባባይ ጉባኤ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ ብዙ የጋሞ ተወላጆች ተገድለው ሌሎችም ሲፈናቀሉ፣ አርባ ምንጭ ላይ የተቆጣ ወጣት በከተማው በሚኖሩ ኦሮሞዎች ንብረት ላይ ሊበቀል ተነሣ። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በመንገዱ ላይ ተንበረከኩ። በባህላቸው ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ ረግጦ ማለፍ አይታሰብምና ወጣቱ ተመለሰ። ያ ወጣት የዜግነት ትምህርት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ያላገኘውን እዚያ አስፋልት ላይ ተማረ።

«የእነርሱ ባህል ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የሚል ሙስሊም ተማሪ ካለ ስለ ሒልፍ አል-ፉዱል ይጠይቅ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነቢይ ከመሆናቸው በፊት በዐብደላህ ኢብኑ ጁድዓን ቤት የመካ ሰዎች ተሰብስበው የተበደለን ሊረዱ የተማማሉበት ቃል ኪዳን ነው። እርሳቸውም ተገኝተውበታል፤ በእስልምና ዘመንም ወደ እንዲህ ዓይነት ስምምነት ቢጠሩ እንደሚቀበሉ ተናግረዋል። ስለዚህ ሙስሊሙ ተማሪ በተማሪዎች ኅብረት ምርጫ ይወዳደር፣ በሰላም ክበብ፣ በደም ልገሳ፣ በችግኝ ተከላ ይሳተፍ። የጁሙዓ ሰዓት ጉዳይ ሲመጣ ብቻ የሚታይ ሰው ጥያቄው ቶሎ አይሰማለትም።

ይሁን እንጂ ዱቡሻንም እንዳለ አናመስግነው። በጋሞ ደጋ መሬት ያለው «ማላ» የሚባል ሲሆን፣ ቆዳ ፋቂውና ብረት ቀጥቃጩ «ደጋላ»፣ ሸክላ ሠሪው «ማና» እየተባሉ ለረጅም ዘመን ከጉባኤው ተለይተው፣ ጋብቻ ተነፍገው፣ መቃብራቸው ሳይቀር ተለይቶ ኖረዋል። ሕጉ ተለውጧል፤ የሰው ልብ ግን እንደ ሕግ በአንድ ቀን አይለወጥም። የእነዚህ ቤተሰቦች ልጅ ኮሌጅ ሲገባ ስንቁን ለብቻው የሚበላበት ምክንያት ሁልጊዜ ድህነት አይደለም። በተመሳሳይ ወደ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የወረደው የጨንቻ ሸማኔ በጥበቡ እየተደነቀ በስሙ ሲሰደብ ኖሯል። ቁርኣን ደግሞ ነቢዩ ዳውድን (ዐ.ሰ.) ብረት የተገራላቸው፣ የጦር ልብስ የሚሠሩ ባለሙያ አድርጎ ያወሳቸዋል። በነቢይ ሙያ ሰውን የሚንቅ ሙስሊም ምን ዓይነት መልስ አለው?

ይህን የምለው ጎረቤትን ለመውቀስ አይደለም፤ በግቢ ያለው የእኛው ጀመዓም ራሱን ይፈትሽ። አዲስ የመጣው የጋሞ ልጅ ዐረብኛው ሲሰናከልበት ማን ፈገግ ይላል? ኢፍጧር ላይ የወሎው ከወሎ፣ የጅማው ከጅማ ብቻ ሲቀመጥ ከደጋ የወረደው የት ይቀመጣል? ሒጃቧ እንደ ሌላዋ ያልረዘመች እህት በመጀመሪያው ሳምንት ተግሣጽ ከደረሰባት በሁለተኛው ትመጣለች? «ሱፊ» «ሰለፊ» እየተባባሉ አንድ የመስገጃ ክፍል ለሁለት የሚከፍሉም አሉ፤ ክፍሉን ለማግኘት ስንት ደብዳቤ እንደተጻፈ ረስተውታል። ሱረቱ ዐበሳ የወረደችው ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ነቢዩ የመካ ሹማምንትን እያነጋገሩ ሳለ ዐይነ ስውሩ ዐብደላህ ኢብኑ ኡሚ መክቱም መጥተው ሊማሩ ጠየቁ፤ ፊታቸውን ስላዞሩባቸው አላህ ነቢዩን ገሠጻቸው። ያ ዐይነ ስውር በኋላ ሙአዚን ሆኑ፤ ነቢዩ ለጉዞ ሲወጡም መዲናን በአደራ ተቀበሉ። ከማክበር አልፎ ኃላፊነት መስጠት ማለት ይህ ነው። በየጀመዓው ዐይነ ስውር ወይም አካል ጉዳተኛ ተማሪ አለ፤ መንገድ እንመራዋለን፣ ሰደቃ እንሰጠዋለን፤ አሚር አድርገን የመረጥነው ግን ስንት ጊዜ ነው?

እንግዲህ ቤተሰብ ምን ያድርግ? በመጀመሪያ አርባ ምንጭ የሚኖር ሙስሊም ቤተሰብ የጎንደርን ሥራ ለመሥራት የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም። አንድ ቤት አንድ ወይም ሁለት ተማሪ ይያዝ፤ በወር አንድ ጊዜ ምሳ፣ በረመዳን የተወሰነ ቀን ኢፍጧር፣ ሲታመም የሚደወልበት ስልክ። ተማሪው የግድ ሙስሊም ይሁን አልልም፤ የጓደኛውን ጓደኛ ይዞ ቢመጣ በሩ አይዘጋ። ለሴት ልጅ ቤተሰቡ እናት ያለችበት ይሁን፤ ጨንቻ ያለው አባትም «ማን አላት?» ብሎ ከትምህርት ከሚያስቀራት ያችን እናት ሄዶ ይተዋወቅ።

ሁለተኛ፣ በስልክ የምንጠይቀውን እንለውጥ። «ስንት አመጣህ?» ብቻ አይሁን፤ ዛሬ ከማን ጋር በላህ፣ ማን አብሮህ አጠና፣ የጓደኛህ አገር የት ነው ብለን እንጠይቅ። መልሱ ሦስት ሳምንት በተከታታይ «ብቻዬን» ከሆነ ውጤቱ እስኪመጣ አትጠብቁ። የአርባ ምንጭ መኪና በጠዋት ይወርዳል፤ ሄዳችሁ እዩት።

ሦስተኛው የመስጂድ ኮሚቴዎች ሥራ ነው። በየዓመቱ ምዝገባ ሲጀመር ከጨንቻና ከየወረዳው የሚወርዱትን ልጆች ስም፣ የሚማሩበትን ኮሌጅና የቤተሰባቸውን ስልክ የያዘ አንድ ደብተር ይኑር፤ ከጀመዓው አንድ ወንድምና አንዲት እህት ደብተሩን ይያዙ። ዓርብ ከሰላት በኋላ ያልታየ ስም ካለ በዚያው ዕለት ይደወልለት። የቤት ኪራይ አጥቶ ከሆነ ለዘካ የሚገባ መሆኑን ከዓሊሞች ጋር ተማክሮ በዝምታ ይከፈልለት፤ ስሙ በማይክራፎን አይነገር።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን ይጠብቅልን።